አባ ፒየር ቴያር ደ ሻርዳን፤ ሳይንስንና እምነትን በአንድ ልብ የያዙ ካህን

ወጣቶቻችን በትምህርት ቤት ስለ ዝግመተ ለውጥ ከተማሩ በኋላ ወደ ትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ሲመጡ ይዘውት የሚመጡት ጥያቄ አለ። ዓለም በስድስት ቀን ተፈጠረ ወይስ በብዙ ሺህ ሚሊዮን ዓመታት? ሰው ከአፈር ተበጀ ወይስ ከእንስሳት ወገን ተገኘ? መምህሩ ጥያቄውን በቁጣ ቢያፍነው ወጣቱ ዝም ይላል። ዝም ያለው ግን ስለ ተረታ ወይም ስላመነ አይደለም፤ የዚህ ጥያቄ መልስ በቤተ ክርስቲያን አይገኝም ብሎ በልቡ ስለ ደመደመ ነው። ከዚያ በኋላ ከሁለቱ አንዱን ይመርጣል፤ ወይ ትምህርቱን ይጠራጠራል፣ ወይ እምነቱን ቀስ በቀስ ይተዋል።

ታሪካቸውን ከዚህ ቀጥሎ በአጭሩ የምናቀርብላችሁ አባ ፒየር ቴያር ደ ሻርዳን ይህን ጥያቄ ዕድሜ ልካቸውን የተሸከሙ ሰው ናቸው። የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን፣ በዓለምም የታወቁ የሥነ ምድርና የቅሪተ አካል ሊቅ ነበሩ። ስለ ሳይንስ ብለው እምነታቸውን አልተዉም፤ ስለ እምነታቸውም ብለው የምርምር መዶሻቸውን አልጣሉም። ሁለቱን አብረው ለመያዝ የከፈሉት ዋጋ ግን ቀላል አልነበረም። በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ልጅነትና ጥሪ

ፒየር ሜይ 1 ቀን 1881 በፈረንሳይ አገር፣ በኦቨርኝ አውራጃ፣ ክሌርሞን ፌራን አጠገብ በምትገኘው በሳርስና ተወለደ። ከአሥራ አንድ ልጆች አራተኛው ነበር። አካባቢው እሳታቸው ከብዙ ዘመን በፊት የጠፋ የእሳተ ገሞራ ተራሮች የሚታዩበት ነው። አባቱ የተማሩ ባለ ርስት ሲሆኑ ድንጋይንና ነፍሳትን መሰብሰብ ይወዱ ስለ ነበር ልጆቻቸው ተፈጥሮን በጥንቃቄ እንዲመለከቱ አስተማሯቸው። እናቱ ደግሞ በጸሎት የተጉ፣ ለጌታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ ቅዱስ ልብ ልዩ ፍቅር የነበራቸው ሴት ነበሩ። ስለዚህ ልጁ ከአባቱ የምድርን ፍቅር፣ ከእናቱ የክርስቶስን ፍቅር ወረሰ። በኋላ ዘመን ያስተማረው ሁሉ ከእነዚህ ከሁለቱ ምንጮች የተቀዳ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ሕፃኑ ፒየር ከሁሉ አስቀድሞ የማይጠፋና የማይለወጥ ነገር ይፈልግ ነበር። አንድ ቁራጭ ብረት አግኝቶ ከዚህ የበለጠ ጽኑ ነገር የለም በማለት እንደ ውድ ሀብት ይጠብቀው ነበር። ብረቱ መዛጉን ባየ ጊዜ ግን አምርሮ አዘነ። ከዚያ በኋላ ፍለጋውን ወደ ድንጋይ አዞረ፤ በመጨረሻም የማይዝገውን በእግዚአብሔር አገኘው።

በ1899 በኢየሱሳውያን ማኅበር ተመክሮ ጀመረ። በዚያ ዘመን የፈረንሳይ መንግሥት በገዳማውያን ማኅበራት ላይ ባወጣው ጥብቅ ሕግ ምክንያት ማኅበሩ ተማሪዎቹን ወደ ጀርዚ ደሴት አሸሸ። ወጣቱም ትምህርቱን በስደት ቀጠለ። ከ1905 እስከ 1908 በግብፅ ርእሰ ከተማ በካይሮ በሚገኘው የኢየሱሳውያን ኮሌጅ ፊዚክስና ኬሚስትሪ አስተማረ። ከዚያም በእንግሊዝ አገር በሄስቲንግስ የትምህርተ መለኮት ጥናቱን ፈጽሞ ኦገስት 24 ቀን 1911 የክህነት ማዕርግ ተቀበለ። የዝግመተ ለውጥ ሐሳብ በአእምሮው ሥር የሰደደው በእነዚህ በሄስቲንግስ ዓመታት ነበር።

ከጦር ሜዳ ወደ ምርምር

አባ ቴያር ከ1912 ጀምሮ በፓሪስ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር በታዋቂው ሊቅ በማርሰላን ቡል ሥር ጥናት ጀመሩ። አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሣ ግን ወደ ጦር ሜዳ ተጠሩ። እንደ ሌሎች ካህናት የጦር ቄስ ሊሆኑ ይችሉ ነበር፤ እርሳቸው ግን የቆሰሉትን በቃሬዛ የሚሸከም ተራ ወታደር መሆንን መረጡ። ከሞሮኮ ተወላጆች በተመለመለ ክፍለ ጦር ውስጥ አገልግለው በእሳት መካከል ቁስለኞችን ስላወጡ ከፍተኛ ኒሻን ተሸለሙ። በዚያ ጦርነት ሁለት ወንድሞቻቸው ሞተዋል። ስለ ዓለም ተስፋ በኋላ የጻፉት ካህን ሞትን በመጽሐፍ ብቻ የሚያውቁ ሰው እንዳልነበሩ ከዚህ መገንዘብ ይቻላል።

ከጦርነቱ በኋላ በፓሪስ የካቶሊክ ተቋም ሥነ ምድርን ያስተምሩ ጀመር፤ በ1922 ደግሞ በሶርቦን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ማዕርግ ተቀበሉ። በ1923 ኤሚል ሊሳን ከተባሉ ሌላ የማኅበሩ ካህን ጋር ለመመራመር ወደ ቻይና ሄዱ። በኦርዶስ በረሃ በበቅሎ ሲጓዙ መሥዋዕተ ቅዳሴ ለማሳረግ ኅብስትም ወይንም መንበረ ታቦትም ያጡባቸው ቀኖች ነበሩ። በዚያ ጊዜ ምድርን ሁሉ እንደ መንበር ቆጥረው፣ በዚያ ቀን በዓለም ዙሪያ የሚደክመውን የሰው ልጅ ሥራና የሚሠቃየውን የሰው ልጅ መከራ ለእግዚአብሔር አቀረቡ። ይህ ጸሎት በዓለም ላይ የሚደረግ ቅዳሴ በሚል ስም ይታወቃል። ምሥጢረ ቁርባንን የሚተካ አልነበረም፤ ቅዱስ ቁርባንን ከልባቸው የሚወዱ ካህን በናፍቆት ያፈለቁት ጸሎት ነው።

ፈተናው

አባ ቴያር ያስተምሩ በነበረበት ዘመን ቤተ ክርስቲያን ከትልቅ ሥጋት ጋር ትታገል ነበር። ሊበራል ተብለው ከሚጠሩት የትምህርተ መለኮት ሊቃውንት አንዳንዶቹ እምነትን ከዘመኑ ዕውቀት ጋር ለማስማማት ሲሉ የጌታን ተአምራትና ትንሣኤ ወደ ምሳሌና ወደ ስሜት ዝቅ አድርገው ነበር። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 10ኛ በ1907 ዘመናዊነት የተባለውን ይህን ዝንባሌ በጽኑ አወገዙ። ከዚያ ወዲህ አዲስ ሐሳብ የሚያቀርብ ካህን ሁሉ በጥርጣሬ ዓይን ይታይ ነበር።

የአባ ቴያር መንገድ ከእነዚያ ሊቃውንት የተለየ ነበር። እምነትን በመቀነስ ከሳይንስ ጋር ለማስታረቅ አልፈለጉም፤ ሳይንስ የገለጠው የዓለም ስፋት የክርስቶስን ታላቅነት ይበልጥ እንዲያሳይ ፈለጉ። ይሁን እንጂ ስለ አዳም ኃጢአት እንዴት ማሰብ እንደሚቻል ለጥናት ያህል የጻፉት አጭር ማስታወሻ ወደ ሮም ደረሰ። በ1925 የቤተ ክርስቲያንን ትምህርት እንደሚቀበሉ የሚያረጋግጥ ጽሑፍ እንዲፈርሙ ተጠየቁ፤ ፈረሙም። ቢሆንም የማስተማር ሥራቸውን እንዲተዉ ተደረገ። በ1926 ወደ ቻይና ተመለሱ፤ ቀጣዮቹን 20 ዓመታትም በአብዛኛው በዚያ አሳለፉ።

ከወዳጆቻቸው አንዳንዶቹ ማኅበሩን ትተው በነጻነት እንዲጽፉ መክረዋቸው ነበር። ምክሩ ቀላል ይመስል ነበር። ነገር ግን አንድ ካህን መሐላውን አፍርሶ የሚያስተምረው ትምህርት እውነት እንኳ ቢሆን ፍሬው መራራ እንደሚሆን አባ ቴያር ተረዱ። ስለ ክርስቶስ አንድነት የሚሰብክ ሰው አንድነቱን ራሱ ማፍረስ የለበትም ብለው ስላመኑ በማኅበራቸው ጸንተው ኖሩ። መጻፋቸውን አላቆሙም፤ የአለቆቻቸው ፈቃድ ሳይገኝ ግን መንፈሳዊ መጻሕፍታቸውን ለኅትመት አላቀረቡም።

በቻይናና በኢትዮጵያ ምድር

በቻይና ቆይታቸው ከቤይጂንግ አጠገብ በጆውኮውዲየን ይካሄድ በነበረው ቁፋሮ የሥነ ምድር አማካሪ ሆነው ሠሩ። በዲሴምበር 1929 ቻይናዊው ተመራማሪ ፔይ ዌንጆንግ የቤይጂንግ ሰው የተባለውን ጥንታዊ የራስ ቅል አገኙ። አባ ቴያር ቅሪቱ የተገኘበትን የአፈር ንብርብር በማጥናትና የድንጋይ መሣሪያዎችን በመመርመር ለግኝቱ ከፍ ያለ አስተዋጽኦ አደረጉ።

የአገራችን ምእመናን ብዙዎቹ የማያውቁት ነገር ደግሞ እኒህ ካህን ኢትዮጵያን የረገጡ መሆናቸው ነው። በ1928 መጨረሻ የባሕር ነጋዴና ጸሐፊ ከነበረው ወዳጃቸው ከሄንሪ ደ ሞንፍሬድ ጋር ወደ ኦቦክ መጡ፤ ከዚያም ወደ ድሬዳዋና ወደ ሐረር ተጓዙ። በድሬዳዋ አቅራቢያ በጃርት ስም ፖርክ ኤፒክ ተብሎ የተሰየመውን ዋሻ ለሳይንስ ያስተዋወቁት እርሳቸውና ወዳጃቸው ናቸው። ዋሻው በ1933 ተቆፍሮ የጥንት ሰዎች የድንጋይ መሣሪያዎችና የሰው መንጋጋ ክፍል ተገኝቶበታል። በኋላ በተደረጉ ጥናቶችም የጥንት ሰዎች ለቀለም የተጠቀሙበት ወደ 40 ኪሎ ግራም የሚጠጋ ባለ ቀለም አፈር እንደ ነበረበት ታውቋል። አባ ቴያር በዕድሜያቸው መጨረሻ የሰው ልጅ መገኛ አፍሪካ እንደሆነች ያስቡ ነበር። ድንቅነሽ በአፋር ምድር በሐዳር የተገኘችው እርሳቸው ከሞቱ ከ19 ዓመት በኋላ፣ በ1974 ነው።

ያስተማሩት

የአባ ቴያር ትምህርት ሰፊ ቢሆንም ፍሬ ነገሩን በአጭሩ መናገር ይቻላል። እግዚአብሔር ዓለምን አንድ ጊዜ ሠርቶ የተወው አይደለም፤ ዛሬም እየፈጠረው ነው። ግዑዙ ነገር ቀስ በቀስ እየተወሳሰበ ሄዶ ሕይወት ታየ፤ ሕይወትም እያደገ ሄዶ አሳብና ኅሊና ያለው ሰው ተገኘ። ከሰው በኋላ የፍጥረት ጉዞ በአካል ለውጥ ብቻ ሳይሆን በአሳብ፣ በዕውቀትና በፍቅር መቀራረብ ይቀጥላል። የዚህ ሁሉ መድረሻ አልፋና ዖሜጋ የሆነው ክርስቶስ ነው። ቅዱስ ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች በጻፈው መልእክቱ ፍጥረት ሁሉ በክርስቶስና ለክርስቶስ መፈጠሩን እንዳስተማረ እናስታውሳለን። አባ ቴያር ያንኑ ትምህርት በዘመናቸው ሳይንስ ቋንቋ ለመናገር ሞከሩ።

ከዚህም የተነሣ የሰው ሥራ ሁሉ የተቀደሰ መሆኑን አስተማሩ። በ1926 እና በ1927 በጻፉት መለኮታዊው አካባቢ በተባለው መጽሐፋቸው ክርስቲያን እግዚአብሔርን ለማግኘት ከሥራው መሸሽ እንደማያስፈልገው ያስረዳሉ። ገበሬው በእርሻው፣ እናት በጓዳዋ፣ ተማሪው በመጽሐፉ ፊት፣ ሥራቸውን በፍቅር ሲሠሩ ከፈጣሪ ጋር ይተባበራሉ። ሊሸሹት የማይቻለው ሕመም፣ እርጅናና ሞትም በእምነት ከተቀበሉት ወደ እግዚአብሔር መግቢያ በር ይሆናል።

ትምህርታቸው ነቀፋ አልገጠመውም ማለት አይደለም። የተፈጥሮ ሳይንስ ሊቃውንት አንዳንዶቹ ሳይንስን ከመንፈሳዊ ራእይ ጋር ቀላቅለዋል ብለው ተችተዋቸዋል። የትምህርተ መለኮት ሊቃውንት ደግሞ ስለ ኃጢአት ክብደትና ስለ ክፋት ኃይል በበቂ አላስተማሩም ይላሉ። የሰውን ዘር በሰው ጥበብ ስለ ማሻሻልና በሕዝቦች መካከል አለ ስላሉት ልዩነት በአንዳንድ ጽሑፎቻቸው ያሰፈሩት ሐሳብም ከሰው ልጆች እኩል ክብር ጋር ስለማይስማማ ልንቀበለው አይገባም። ታላቅ ሰው መሆን ከስሕተት ነጻ መሆን አይደለም።

በሳይንሱም በኩል ከስሕተት ያመለጡ አልነበሩም። በ1912 በእንግሊዝ አገር የፒልትዳውን ሰው የተባለ ቅሪት መገኘቱ ታውጆ ነበር፤ በዚያው ስፍራ ወጣቱ ካህን በ1913 አንድ ጥርስ አገኙ። በ1953 ግን ሁሉም ሆን ተብሎ የተሠራ ማታለያ እንደ ነበረ ተረጋገጠ። አንዳንዶች አባ ቴያርን ጭምር ጠርጥረው ነበር፤ በ2016 የታተመ ምርመራ ግን ጣቱን የቀሰረው ቅሪቱን አገኘሁ ባለው በቻርልስ ዳውሰን ላይ ነው። ሐሰቱን ያጋለጠው ራሱ ሳይንስ መሆኑ ልብ ሊባል ይገባል።

የመጨረሻዎቹ ዓመታት

የሰው ክሥተት የተባለውን ዋና መጽሐፋቸውን ከ1938 እስከ 1940 በቻይና ጻፉት። በ1944 የማሳተም ፈቃድ ተከለከሉ። በ1946 ወደ ፈረንሳይ ተመለሱ፤ በሚቀጥለው ዓመት ከባድ የልብ ሕመም ያዛቸው። በ1948 ራሳቸው ወደ ሮም ሄደው መጽሐፉ እንዲታተምና ኮሌዥ ደ ፍራንስ በተባለው ታላቅ የትምህርት ተቋም እንዲያስተምሩ ፈቃድ ለመኑ፤ ሁለቱም አልተፈቀደላቸውም። የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ በ1950 በአባልነት የመረጣቸው ሊቅ በገዛ አገራቸው የማስተማሪያ ወንበር አጡ። በ1951 መኖሪያቸውን ወደ ኒው ዮርክ አዛወሩ። በዚያው ዓመት ለማኅበሩ ጠቅላይ አለቃ ለአባ ያንሰንስ በጻፉት ደብዳቤ፣ መመራመርን ከልባቸው ሊያወጡት እንደማይችሉ ሳይሸሽጉ ገልጸው፣ ከክርስቶስና ከቤተ ክርስቲያን ጋር ያላቸው ማሰሪያ ከምንጊዜውም የበለጠ መጥበቁን አረጋገጡ።

በትንሣኤ ቀን ለመሞት ይመኙ እንደ ነበር ለወዳጆቻቸው ነግረዋቸው እንደ ነበር ይተረካል። ኤፕሪል 10 ቀን 1955 የትንሣኤ እሑድ ነበር። በዚያ ቀን ቅዳሴያቸውን ፈጽመው፣ ወደ ማታ በአንድ ወዳጅ ቤት ሳሉ በድንገት ወድቀው ዐረፉ። በቀብራቸው የተገኙት ጥቂት ሰዎች ብቻ ነበሩ። የተቀበሩበት የማኅበሩ የተመክሮ ቤት ኋላ ተሽጦ ዛሬ የምግብ ዝግጅት ሙያ የሚሰጥበት ኮሌጅ ሆኗል፤ መቃብራቸው ግን በስፍራው አለ።

ጽሑፎቻቸውን በአደራ የተቀበሉ ሰዎች በዚያው በ1955 ማሳተም ጀመሩ፤ መጻሕፍቱም በብዙ ቋንቋዎች ተሠራጩ። የቅድስት መንበር የእምነት ጉዳይ ጽሕፈት ቤት በ1962 መጻሕፍቱ አሻሚ ሐሳቦችና ከባድ ስሕተቶች እንዳሉባቸው የሚገልጽ ማስጠንቀቂያ አወጣ። በዚያው ዓመት ኋላ ካርዲናል የሆኑት አባ ሄንሪ ደ ሉባክ ስለ አባ ቴያር መንፈሳዊ አስተሳሰብ የመከላከያ መጽሐፍ አሳተሙ። በ1981 የማስጠንቀቂያው ቃል እንዳልተሻረ ቅድስት መንበር ብታሳውቅም፣ በኋላ የተነሡ ርእሳነ ሊቃነ ጳጳሳት ስማቸውን በአክብሮት አንሥተዋል፦ በነዲክቶስ 16ኛ በ2009 በአኦስታ ባሰሙት ስብከት፣ ፍራንቸስኮስ በ2015 ስለ ፍጥረት ጥበቃ ባወጡት ሐዋርያዊ መልእክትና በ2023 በሞንጎልያ ባሳረጉት ቅዳሴ።

ለእኛ የተረፈው ትምህርት

ቤተ ክርስቲያን በዚህ ጉዳይ የምታስተምረውን ለወጣቶቻችን በግልጽ መንገር ይገባናል። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1950 የሰው አካል ከቀደመ ሕያው ነገር ስለ መገኘቱ ምርምር ማድረግ እንደሚቻል ፈቅደዋል፤ ነፍስ ግን በቀጥታ በእግዚአብሔር እንደምትፈጠር አጥብቀው አስተምረዋል። ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ በ1996 ዝግመተ ለውጥ ከግምት ያለፈ ትምህርት መሆኑን ተናግረዋል። በ1992 የወጣው የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ትምህርተ ክርስቶስም ስለ ዓለም ዕድሜና ስለ ሰው አመጣጥ የተደረገው ምርምር የፈጣሪን ታላቅነት ይበልጥ እንድናደንቅ የሚጋብዘን መሆኑን ያስረዳል። ስለዚህ ኦሪት ዘፍጥረት ዓለምን ማን እንደ ፈጠረና ለምን እንደ ፈጠረ ያስተምረናል፤ ሳይንስ ፍጥረት በምን ዓይነት ጉዞ እዚህ እንደ ደረሰ ይመረምራል። ሁለቱን ጥያቄዎች መለየት የቻለ መምህር ወጣቱን ከከባድ ግራ መጋባት ያድነዋል።

ከአባ ቴያር ሕይወት ሌላም የምንማረው አለ። እውነት ነው ብለው ያመኑበትን ነገር ለመናገር ተከለከሉ፤ ነገር ግን በምሬት አልተለዩም፤ ቤተ ክርስቲያንንም አልሰደቡም። ዘሩን ዘርተው መከሩን ሳያዩ ሞቱ። ከሐሳባቸው ሁሉ ጋር መስማማት ግዴታ የለብንም፤ የቤተ ክርስቲያንን ማስጠንቀቂያ ልብ ብሎ ማንበብም አስተዋይነት ነው። የትዕግሥታቸውና የታማኝነታቸው ምሳሌነት ግን ለሁላችንም ነው።

እንግዲህ የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን ሆይ፣ አንድ ወጣት ጥያቄውን ይዞ ወደ እናንተ ሲመጣ በደስታ ተቀበሉት። መልሱን የማታውቁት እንደሆነ አብራችሁ ፈልጉ፤ ጥያቄውን እንደ ኃጢአት አትቁጠሩበት። ሰማይንና ምድርን የፈጠረ እግዚአብሔር ማስተዋልን ለመምህሩም ለተማሪውም ያድልልን። አሜን።